የሰፈር የተረት ምሽት፣ አግዳሚ ወንበር፣ የመጽሐፍ ሳጥን፦ የትኛው ይቅደም?

ማዕዘን

ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ሜትር ስፋት ያለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ጥግ ላይ 8 በ12 ሜትር የሚሆን ክፍት ቦታ አለ። አንዱ ጎኑ መስኮት የሌለው ግንብ ነው፣ ፊት ለፊቱ መኖሪያ ቤቶች ናቸው። የታሰበው በወር አንድ ጊዜ የተረትና የትረካ ምሽት ማካሄድ፣ አግዳሚ ወንበር መትከል፣ የመጽሐፍ መለዋወጫ ሳጥን ማቆምና አንድ መብራት ማብራት ነው። ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ገንዘቡ ግን ሁሉንም በአንዴ አያሠራም።

ከየቱ ይጀመር? ልኬቱ ስንት ይሁን? እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምኑ ላይ ነው? «በርቱ» የሚል መልስ ደግ ነው፣ ቁጥር ያለው መልስ ግን ይበልጥብኛል።

ውሃ_ልክ

ለጊዜው ሲሚንቶ አትግዙ። ምሽቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ከየቤቱ በሚወጣ ወንበር አካሂዱትና ሰው ወንበሩን ወዴት እየጎተተ እንደሚቀመጥ እዩ። ማንም ሳያዘው ጥላ ያለበትን፣ ጀርባው የሚሸፈንበትን፣ አላፊ አግዳሚውን የሚያይበትን ቦታ ይመርጣል። ዊልያም ዋይት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኒው ዮርክን አደባባዮች በካሜራ እየቀረጸ ሲያጠና ያየውም ይህንኑ ነው፦ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው፣ የሚነሳ ወንበር ካገኘ ደግሞ ትንሽ ሳያንቀሳቅሰው አይቀመጥም።

ምሽቱ ሲያልቅ ወንበሮቹ ከመነሳታቸው በፊት እግራቸው ያረፈበትን በኖራ ምልክት አድርጉና ፎቶ አንሱት። የሦስቱን ምሽት ፎቶ ጎን ለጎን ስታዩ የአግዳሚው ቦታ ይገኛል፣ ኮሚቴም መጨቃጨቁን ይተዋል።

ቅደም ተከተሉ በእኔ እምነት ምሽቱ፣ ከዚያ መብራቱ፣ ከዚያ አግዳሚው፣ መጨረሻ ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም በእሱ መጀመር ይቀናዋል። ሰው ገና መቀመጥ ባልለመደበት ጥግ የቆመ ሳጥን ግን ብዙም ሳይቆይ የቆሻሻ መጣያ ይሆናል።

ጆሮ_ጠቢ

የምሽቱን ነገር ለእኔ ተዉት።

ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ተራኪ ይበቃል፣ ለእያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ። መክፈቻው፣ ማስተዋወቁና መሃል ላይ የሩብ ሰዓት እረፍት ሲጨመርበት አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይሄዳል። ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ የሚነሱት ሕፃን የያዙት ናቸው፤ እነሱ ከተነሱ ሌላውን ማስቆም አይቻልም።

የተራኪዎቹ ተራ በዕጣ አይሁን። ከሁሉ የተሻለውን መጨረሻ ላይ፣ እሱን የሚከተለውን መጀመሪያ ላይ አድርጉ። አዲስና ዓይን አፋር የሆነው ሁለተኛ ይውጣ፤ ያን ጊዜ ታዳሚው ሞቅ ብሏል፣ ገና አልደከመም። ለልጆች የሚሆኑ ተረቶች ሁሉ ከእረፍቱ በፊት ይለቁ።

ልምምድ ላይ ሰዉ የሚሳሳተው ሙሉውን በቃሉ ሲያጠና ነው። በቃል የተጠና ነገር አንዲት ዐረፍተ ነገር ከጠፋችበት ቀጥ ይላል። መጀመሪያዋንና መጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ብቻ በቃል ይያዙ፤ መሃሉን በአምስትና ስድስት ክስተት ቅደም ተከተል ያስታውሱት፣ ቃሉ በዕለቱ ይመጣል። ከወረቀት ማንበብ አይፈቀድ፤ ዓይኑ ወረቀት ላይ የሆነ ሰው ታዳሚው መሰልቸቱን አያይም። ቤት ውስጥ ስድስት ደቂቃ የፈጀው ሰው ፊት ሰባት ይሞላል፣ ምክንያቱም ሳቅና ዝምታ ይገቡበታል። ስለዚህ በልምምድ ከስድስት ደቂቃ ያለፈውን ከወዲሁ አሳጥሩት።

ጊዜ ጠባቂው የመጨረሻው ረድፍ መሃል ላይ ይቀመጥ፤ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ትንሽ የእጅ ባትሪ ያብራ፣ ሰባት ሲሞላ መድረክ መሪው ተነስቶ ይቁም። ደወል አትጠቀሙ። ደወል ለታዳሚውም ይሰማል፣ ተረቱንም ይገድለዋል።

አቀማመጡ ግማሽ ክብ፣ ሦስት ረድፍ። ተራኪው ግንቡን ከጀርባው ያድርግ። ሙሉ ክብ ያምራል፣ ግን የሰው ድምጽ ጥራቱ ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ከጀርባ የተቀመጠው ቃሉን አይለይም። የመጨረሻው ረድፍ ከተራኪው ከስምንት ሜትር አይራቅ። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምጽ 6 ዴሲቤል (የድምጽ ኃይል መለኪያ) ይቀንሳል። አንድ ሜትር ላይ 68 የነበረ ከፍ ያለ የንግግር ድምጽ ስምንት ሜትር ላይ 50 ይደርሳል፣ ያ ደግሞ ጸጥ ካለ መንገድ ድምጽ እምብዛም አይበልጥም። ወንበር በ50 ሴንቲሜትር፣ ረድፍ በ90 ሴንቲሜትር ከተሰላ 40 ሰው ከነመተላለፊያው 30 ካሬ ሜትር ገደማ ይይዛል። የእናንተ ቦታ 96 ካሬ ነው፣ ይተርፋል። ማይክም አያስፈልግም።

ሚክሰር

እስከ ስምንት ሜትሩ ድረስ ከጆሮ_ጠቢ ጋር ነኝ፤ «ማይክም አያስፈልግም» የምትለዋ ላይ እንለያያለን። ዕድሜ ሲገፋ ቀድሞ የሚደክመው ቀጫጭን ድምጽ የመስማት አቅም ነው። «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ» ይጠፉና ሰውየው ድምጹን እየሰማ ቃሉን አይለይም። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ «አልሰማሁም» ብሎ እጁን አያወጣም፤ በሚቀጥለው ወር ይቀራል እንጂ።

በባትሪ የሚሠራ አንድ ትንሽ ስፒከር ይበቃል። ችግሩ ሁሌ አቀማመጡ ላይ ነው፦

ስፒከሩ ከተራኪው ፊትና ወደ ጎን ወጣ ብሎ፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ፣ ማለትም 1.7 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይቁምና ወደ ታዳሚው ይዙር። ማይኩ ሁልጊዜ ከስፒከሩ ኋላ ይሁን። ስፒከሩ ማይኩን ካየው ይፏጫል፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ማይክ ካለ ደግሞ ተራኪው ከግንቡ ሁለት ሜትር ወደ ፊት ይውጣ፣ ከግንቡ ነጥሮ የሚመለሰው ድምጽ ማይኩ ውስጥ ይገባልና። ማይኩ ከአፍ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ ጭንቅላቱ በመዳፍ አይታፈን። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምጽ ቁረጡት፤ የነፋሱና የእጁ ኳኳታ ያለው እዚያ ነው። የስፖንጅ ሽፋኑን አትርሱ።

መጠኑ የሚለካው በጆሮ ነው። አንድ ሰው እየተናገረ ሌላው ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ ይሂድ። ፊት የተቀመጠው ስፒከሩ መኖሩን ካላስተዋለ ልክ ነው።

ጆሮ_ጠቢ

ስለ አዛውንቶቹ እቀበላለሁ፣ የፊተኛው ረድፍም ለእነሱ ይያዝ። የማልወደው ማይክ የያዘ ተራኪ አንድ እጁ መታሰሩን ነው፤ ተረት በሁለት እጅ ነው የሚነገረው። እንግዲያው ማይኩ መቆሚያ ላይ ይሁን ወይም ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ይገዛ።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ብዙ ቁም ነገር እያላቸው ሰው ፊት መቆም የማይሆንላቸው አሉ። ለእነሱ እ.ኤ.አ. በ2000 ዴንማርክ ውስጥ የተጀመረው፣ ሰው እንደ መጽሐፍ የሚዋስበት አሠራር ይመቻል። አዛውንቱ ጥግ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሁለት ሦስት ሰው ለሃያ ደቂቃ «ተውሷቸው» ይጠይቃቸዋል፣ ከዚያ ሌሎች ይተካሉ። መድረክም ማይክም አይፈልግም። በየሦስት ወሩ አንዱን ምሽት እንዲህ ማድረግ ተራኪ ፍለጋ ከመባዘንም ያድናል።

ጎረቤት_9

ሁላችሁም ስለ ወንበሩ ታወራላችሁ፣ ከወንበሩ ፊት ስላለው መስኮት ግን ማንም አላነሳም። የተረቱ ምሽት በወር አንድ ቀን ነው፣ ይታለፋል። አግዳሚው ግን በዓመት 365 ሌሊት እዚያው ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የስልኩን ዘፈን ለቆ የሚቀመጠውን ማን ሊያስነሳው ነው? ይህ ሳይመለስ ፊርማ ባትጠይቁ ጥሩ ነው።

ውሃ_ልክ

ጥያቄው የሚገባ ነው፣ መልሱም ግማሹ ልኬት ላይ ነው። አግዳሚው ከመኝታ ቤት መስኮት ቢያንስ አሥር ሜትር ይራቅ፣ የተቀመጠውም ፊቱን ወደ መስኮቱ አያዙር። ግንቡን ተደግፎ ከቤቶቹ ፊት ለፊት ከሚሆን ይልቅ ወደ ጎን ዞሮ መንገዱን ይመልከት። ሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ወይም እንደ ክርን ታጥፎ ከተተከለ ስድስት ሰባት ሰው ይሰበስባል፤ አንድ ቀጥ ያለ አግዳሚ ግን ሁለት ሦስት ሰው ይዞ ይቀራል። ቤት ቅርብ ከሆነ ቀጥ ያለው ይመረጣል። የቀረው ግማሽ መልስ መብራቱ ላይ ነው፣ እሱን አምፖል መጥቶ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ሥራው፦

ለሦስት ሰው 1.80 ሜትር ርዝመት (ለሰው 60 ሴንቲሜትር)። የመቀመጫው ከፍታ ከተጠናቀቀው መሬት 45 ሴንቲሜትር። ከ40 ያነሰ ከሆነ ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ተቀምጠው መነሳት ያቅታቸዋል፤ ከ50 ከበለጠ የአጭር ሰው እግር ይንጠለጠላል። ጥልቀቱ 40 ገደማ። መደገፊያው ከመሬት እስከ 80 ይድረስና ጥቂት ወደ ኋላ ያዘንብል። የእጅ መደገፊያ በሁለቱም ጫፍ፣ ከመቀመጫው 20 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፤ አዛውንት የሚነሱት በእሱ ነው። ሰው እንዳይተኛ ተብሎ መሃል ላይ የሚደረገውን ብረት ተዉት፤ ሕፃን ከእናቱ፣ ከዘራውን ከባለቤቱ ከመለየት ሌላ ጥቅም አላየሁበትም። ከጎኑ 90 በ120 ሴንቲሜትር የሆነ ጠንካራና ጠፍጣፋ መሬት ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ይቅር፣ ፊት ለፊቱም 1.50 ሜትር መተላለፊያ።

እግሩ 40 በ40 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)። ሁለቱ እግሮች በ1.30 ሜትር ይራራቁ፣ ጣውላው በየጫፉ 25 ይትረፍ። ለእያንዳንዱ እግር 30 በ50፣ ጥልቀቱ 40 ሴንቲሜትር ጉድጓድ። ሁለቱ አንድ ላይ 0.12 ሜትር ኩብ ይሆናሉ። 1 ለ2 ለ4 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ከተቦካ ለዚህ 40 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይበቃል፣ ማለትም አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት። ውሃው 20 ሊትር ገደማ። ሠራተኛ እንዲቀለው ውሃ ሲጨምር ዝም ካላችሁ ኮንክሪቱ አቧራ ይሆናል። ሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሱት፣ እስከዚያ ማንም አይቀመጥበት።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘልለው ነገር፦ ኮንክሪቱ ከመሬቱ 3 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፣ አናቱም ከብረቱ ወደ ውጭ ይዝቀጥ። ብረት የሚበላው መሬት ውስጥ ጠልቆ ያለው ሳይሆን ከአፈሩ አፍ ላይ ያለው ነው፤ ውሃና አየር የሚገናኙት እዚያ ነውና። የቱቦላሬው አናት በብየዳ ይደፈን፣ ከታች በኩል ግን ከኮንክሪቱ በላይ የ6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይቅር፣ ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበት ይውጣ።

የተልባ_ዘይት

ስለ ጣውላው ልጨምር። 9 ሴንቲሜትር ስፋትና 4 ሴንቲሜትር ውፍረት ያላቸው አራት ጣውላዎች በ1 ሴንቲሜትር ክፍተት ሲደረደሩ 39 ይሆናል፣ ልክ ነው። ክፍተቱ ከዚያ ከጠበበ ቅጠልና አፈር ይደፍነዋል፣ ውሃውም እዚያው ይቆማል። መሃል ላይ አራቱንም ከስር የሚያስር 40 በ4 ሚሊሜትር ጠፍጣፋ ብረት አስገቡበት፤ ያለዚያ አንድ ሰው የተቀመጠበት ጣውላ ብቻውን ይጎብጣል፣ ልብስና ሥጋም ይቆነጥጣል።

በቪቴ ሳይሆን በብሎን ይታሰር። ራሱ ክብ የሆነውን ምረጡ፣ ሮንዴላውና ዳዶው ከስር ይሁን። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ የብሎኑን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጣችሁ ጥርሱን አበላሹት፣ በእጅ ፈትቶ የሚወስድ እንዳይኖር።

ቀለም ከመቀባት የተፈላ የተልባ ዘይት ይሻላል። ቀለም ሲሰነጠቅ ውሃ ከስሩ ገብቶ ይታሰራል፣ ጣውላው ሳይታይ ይበሰብሳል። ዘይቱ ሲደርቅ ግን በላዩ ላይ ደግሞ መቀባት ነው። ከሁሉ በፊት የተቆረጡትን ጫፎች ሁለት ሦስቴ አጠጧቸው፤ ውሃ በጫፍ የሚገባበት ፍጥነት በፊት ለፊቱ ከሚገባበት እጅግ ይበልጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዘይቱን የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨበጠ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን ይይዝና ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። ወይ ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይ ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ይህን ለቀቢዎቹ ሁሉ ንገሩ፣ ልጆችም እያገዙ ከሆነ በተለይ።

ገጽ_አጣፊ

የመጽሐፍ ሳጥን በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2009 ቶድ ቦል የተባለ ሰው ዊስኮንሲን፣ ሃድሰን ከተማ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን ግቢው ፊት ካቆመ በኋላ ነው። የእሱ በትንሽ ትምህርት ቤት አምሳል የተሠራ ነበር። የእናንተ ምንም አይምሰል፤ ጌጥ በበዛ ቁጥር ውሃ የሚገባበት መጋጠሚያ ይበዛል።

ውስጡ 50 ስፋት፣ 32 ጥልቀት፣ 60 ሴንቲሜትር ከፍታ። ታችኛው መደርደሪያ 33 (የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ትልቅ ነው)፣ ላይኛው 25። አንድ ሜትር መጽሐፍ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ ሁለቱም መደርደሪያ ሲሞላ 30 ኪሎ አስቡ። ሳጥኑ ከመሬት በ75 ሴንቲሜትር ይጀምር፣ ልጅም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለም ይደርስበታል።

ጣሪያው ወደ ኋላ 15 ዲግሪ ይዘቅዝቅ፣ በጎን 6፣ በፊት 10 ሴንቲሜትር ይትረፍ። ከተረፈው ጠርዝ በታች፣ ከጫፉ 2 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ በመጋዝ ግማሽ ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቅደዱ። ውሃ በጣውላው ሆድ እየተሳበ ወደ በሩ የሚመጣው በዚያ መንገድ ነው፣ ቦዩ ጋ ሲደርስ ይንጠባጠባል። ይህች አንዲት ቦይ ከአንድ ቱቦ ሲሊኮን የበለጠ ትሠራለች። ውስጡ እንዳይሻግት ከጣሪያው ስር በሁለቱም ጎን አሥር አሥር ሚሊሜትር የሆኑ ቀዳዳዎች ይኑሩ፣ በወንፊት ሽቦ ተሸፍነው።

በሩ መስታወት አይሁን፣ 4 ሚሊሜትር ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ) ይሁን። ቪቴው የሚገባበትን ቀዳዳ ከቪቴው 2 ሚሊሜትር አስፍታችሁ ብሱት፤ ፕላስቲክ በፀሐይ ይለጠጣል፣ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ይሰነጠቃል። መዝጊያው ማግኔት። ቁልፍ አይደረግበት፣ የተቆለፈ ሳጥን ግድግዳ ነው።

እንጨቱ ደህና ከሆነ በኋላ የሚገድለው መጽሐፉ ነው። የትምህርት ዘመኑ ያለፈ መማሪያና ገጹ የተገነጠለ መጽሐፍ ሲሞላበት ሰው መክፈት ይተዋል። አንድ ኃላፊ በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ይስጠው። ሲገባ ጀርባው ላይ በእርሳስ ወሩ ይጻፍ፣ ሁለት ወር ያልተነካ ይውጣ። አንድ ሦስተኛው ቦታ ምንጊዜም ባዶ ይሁን፤ የተጠቀጠቀ ሳጥን ውስጥ ማንም መጽሐፍ አይጨምርም፣ ከሥር ይጥልበታል እንጂ።

አምፖል

ለጎረቤት_9ም ለሌሎቹም። ብርሃኑ ሞቅ ያለ ቢጫ፣ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን። ነጩ ዓይን ይወጋል፣ ነፍሳትም ይበልጥ ይሰበስባል። ለእንዲህ ያለ ጥግ 15 ዋት ኤልኢዲ፣ 4 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ላይና ጎኑ ተሸፍኖ ወደ ታች ብቻ የሚያበራ። መኝታ ቤት ውስጥ ሆኖ አምፖሉ ራሱ የሚታይ ከሆነ ሽፋኑ ይታረም፤ መታየት ያለበት መሬቱ ነው። ሰዓት መቁጠሪያ ይገጠምለትና ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ወደ ሩብ ይውረድ። ሙሉ በሙሉ አይጥፋ፣ መተላለፊያ ነውና። ግን ደብዘዝ ያለ ብርሃን «ቁጭ በል» አይልም።

ለትረካው ግን ይህ መብራት ብቻ አይበቃም። ከተራኪው ጀርባ ካለ ፊቱ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ከፊቱ በግራና በቀኝ፣ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ወጣ ብለው ሁለት ትናንሽ መብራቶች ይደረጉ። ያልሰማ ሰው ከንፈር አይቶ ይረዳል፣ ስለዚህ ይህም የመስማት ጉዳይ ነው።

ሶላር ከታሰበ ስሌቱ ይኸው። 15 ዋት ለ5 ሰዓት 75 ዋት-ሰዓት ነው፣ ሩቡ ለቀሪው ሌሊት ሌላ 25 ገደማ፤ በድምሩ 100። ለሁለት ደመናማ ቀን ተጨማሪ ካሰባችሁ 300። የሊቲየም ባትሪው እስከ ሥሩ እንዳይሟጠጥ 12.8 ቮልት፣ 30 አምፔር-ሰዓት ይገዛ። ፓነሉ በቀን 4 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካገኘ ከነብክነቱ 36 ዋት በቂ ይመስላል፣ ግን ዝናብ ሲበዛ አይሞላም፤ 60 ይሁን። «100 ዋት» ተብሎ የተጻፈበት ጥቅልና ርካሽ መብራት ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ የአንድን ሌሊት ያህል እንኳ አይይዝም። ዋቱን ትታችሁ የባትሪውን አምፔር-ሰዓት ጠይቁ።

ደረሰኝ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ዘይት የሚቀባበት ቀን ሲመጣ ግን ሃምሳው ሰው ሁሉ ሌላው ይቀባል ብሎ ያስባል። ስለዚህ መሬት ከመቆፈሩ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ እነዚህ ይጻፉ።

የቦታው ባለቤት ማን ነው? የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁንና «ሲጠየቅ በስንት ቀን ይነሳል» የሚለውም ይግባበት። የውሃ ቱቦና የኤሌክትሪክ መስመር የት እንደሚያልፍ ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ይጠየቅ፤ ከዚያም በኋላ ጉድጓዱ በእጅ ይቆፈር፣ በማሽን አይሆንም።

እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም ይኑረው። «ኮሚቴው» ስም አይደለም። ለአግዳሚው አንድ ሰው፣ ለሳጥኑ አንድ፣ ለመብራቱ አንድ፣ ለምሽቱ ሁለት። ዘመኑ ስድስት ወር፣ ከዚያ ይተካል። የሰለቸው ሰው ሳያፍር የሚወጣበት ቀን ከሌለ ሳይናገር ይጠፋል።

ለግንባታ ከወጣው ገንዘብ አንድ አሥረኛው በየዓመቱ ለጥገና ይመደብ፣ ከመጀመሪያው መዋጮ ላይም የመጀመሪያው ዓመት ድርሻ ተቀንሶ ይቀመጥ። ገንዘብ በሁለት ፊርማ ይውጣ። ሂሳቡ በየሦስት ወሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ቀሪው ትንሽም ቢሆን። ሐሜት የሚጀምረው ገንዘብ ሲጠፋ ሳይሆን ወረቀቱ ሲዘገይ ነው።

ጎረቤት_9 ላነሱት ደግሞ፦ በአሥር ሜትር ክልል ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ይጠየቅ። በስብሰባ ላይ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ማለት አይደለም። ወረቀቱ ላይ «አግዳሚው በተተከለ በሦስተኛው ወር ቅሬታ ካለ ይዛወራል» የሚል ይግባ። ለዚህም ሲባል ውሃ_ልክ እግሩን ኮንክሪት ውስጥ ከመቅበር ይልቅ በብሎን ቢያስረው ይሻላል።

ውሃ_ልክ

ይቻላል። ኮንክሪቱ ሲፈስ በየእግሩ አራት የ12 ሚሊሜትር ብሎኖች ይቀበሩ፣ 25 ሴንቲሜትር ገብተው ጫፋቸው የታጠፈ። እግሩ ስር 15 በ15 የሆነ የ8 ሚሊሜትር ላሜራ ይበየድና በዳዶ ይታሰር። ብሎኖቹ ሲቀበሩ በካርቶን ሳይሆን በተበሳ ኮምፔንሳቶ ቅርጽ ይያዙ፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ቢዛነፉ ላሜራው አይገባም። ለማዛወር ሲፈለግ መፍቻ ብቻ ይበቃል።

ጎረቤት_9

ይህ ከተጻፈ እፈርማለሁ። የምሽቱ ማብቂያም ሰዓት ይጻፍ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስፒከር ይጥፋ።

ጆሮ_ጠቢ

3 ሰዓት ተኩል ይስማማኛል፤ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከተጀመረ ወንበር መመለሱንም ይጨምራል።

ደረሰኝ ወረቀት ካነሱ አይቀር ለምሽቱም ሦስት ነገር ይጻፍ። አንደኛ፣ በሰፈሩ ያለ ሰው በስሙም ሆነ በሚታወቅበት ምልክት በተረት አይነሳ፣ ፈቃዱን ካልሰጠ በቀር። «ስሙን አልጠራሁም» የሚል ተራኪ ሁሉም ሰው ማንን እንዳለ አውቆ ሲስቅ ያየዋል። መድረክ መሪው ከሁለት ቀን በፊት ታሪኩን በአጭሩ ይስማ፣ ለማረም ሳይሆን ይህንን ለመለየት። ሁለተኛ፣ ቪዲዮ የሚቀረጸው ተራኪው አስቀድሞ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ሕፃናት ከሆኑ ወላጅ። ስልክ ከፊቱ የተደገነበት ሰው ለተቀመጡት ሳይሆን ለማያውቃቸው ይናገራል፣ ተረቱም ይደርቃል። ሦስተኛ፣ ሰክሮ ወይም ተቆጥቶ የሚያቋርጥ ሰው ሲኖር መድረክ መሪው መድረኩ ላይ ሆኖ አይመልስለት፤ ለዚህ የተመደበ አንድ ሰው ሄዶ አጠገቡ ይቀመጥ። ብዙውን ጊዜ አጠገቡ ሰው ሲቀመጥ ዝም ይላል።

ማዕዘን

እጅግ አመሰግናለሁ። እስካሁን የተያዘው፦ ሦስት ምሽት በሚነሳ ወንበር፣ አምስት ተራኪ፣ ከ1፡30 እስከ 3፡30፤ ስፒከሩ በውሰት፣ ማይኩ በመቆሚያ። ቀጥሎ መብራቱ፣ ከዚያ በብሎን የሚታሰር 1.80 አግዳሚ፣ መንገዱን አይቶ። የአሥር ሜትሩ ቤቶች አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። ሳጥኑ ወደ መጨረሻው ተገፍቷል።

አንድ ጥያቄ ቀርታኛለች፦ ዝናብ። ሰማዩ አጠራጣሪ ሲሆን ማን ነው የሚወስነው፣ መቼ? ድንኳንስ ይተከል?

ጆሮ_ጠቢ

አንድ ሰው፣ በዕለቱ ቀን 9 ሰዓት ላይ። ድምጽ አይሰጥበትም። ውሳኔው በሰፈሩ ግሩፕ ይለቀቅና ስልክ ለማይጠቀሙት በራቸው ድረስ ይነገር፤ ማን ለማን እንደሚነግር ከወዲሁ ይከፋፈል። ከተሰረዘ ለሚቀጥለው ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ይዛወራል፣ ሁለተኛ ከዘነበ የወሩ ይቀራል።

ሚክሰር

ድንኳኑን ተዉት። ሸራ ላይ የሚወርድ ዝናብ ከማንኛውም ተራኪ ድምጽ ይበልጣል፣ ስፒከሩን ብትጨምሩት ደግሞ ጎረቤት_9 ፊርማቸውን ያነሳሉ። ሳይታሰብ ካካፋ መጀመሪያ የሚሰበሰበው ኤሌክትሪኩ ነው፤ ማከፋፈያው ሁሌም ከመሬት ከፍ ብሎ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ከሚነሳበት ሶኬት ላይም የንዝረት መከላከያ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑር።

ጎረቤት_9

ከእኔ በረንዳ ሶኬት መሳብ ትችላላችሁ፣ መከላከያው አለው። ገመዱ መንገዱን ሲያቋርጥ ግን መሬት ላይ አይዘርጋ፣ ሰው ይጠልፋል። በአጥሩ አናት ይለፍ።